አሪየት ያልደለደለችው መሬት

የለም፣ ሦስቱ ቃላት አንድ አይደሉም። እናንተ አልጠየቃችሁኝም፣ አውቃለሁ... እኔ ግን እመልሳለሁ።

ትናንት ጠዋት የልጅ ልጄ አሪየት ለቃለ መጠይቅ እየተዘጋጀች ነበር። ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ለሚሠራ ሥራ ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችበት። ማመልከቻዋ ላይ አምና ለክትባት «ግራውንድወርክ ሠርቻለሁ» ብላ ጽፋለች። ምንድነው አልኳት። ቅድመ ዝግጅት ነው አለች። ስፔድወርክም ሌግወርክም የሚባል አለ፣ ሁሉም ያው ነው፣ ግራውንድወርክ ግን ትልቅ ሰው ያስመስላል አለችኝ።

በየተራ ፍቺልኝ አልኳት። የመሬት ሥራ፣ የአካፋ ሥራ፣ የእግር ሥራ... አለች።

እኔ ከሁለተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ግን ይሄን ቤት ባሮ ዳር ስንሠራ ነበርኩ። አያቷ ሣርና እንጨት ማን ጋ እንዳለ ሲጠይቅ ስንት መንደር ዞረ፣ ያ እግር ነው። እኔና እህቴ የምሰሶ ጉድጓድ ስንቆፍር እጃችን ተላጠ፣ ያ አካፋ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ወንዙ ሲሞላ እንዳይገባብን አፈር ከምረን ደለደልን። መሬት ማለት ያ ነው። ጎረቤታችን እሱን ዘሎ ግድግዳ አቆመ... ክረምት ላይ አልጋው ሥር ዓሣ ያዘ።

«አንቺ አምና ምን ሠራሽ?» አልኳት።

«ቤት ለቤት እየዞርኩ ሕፃን ያላቸውን እናቶች መዘገብኩ።»

«ዕቅዱን ማን አወጣው?»

«አለቃዬ።»

«እንግዲያ መሬቱን እሱ ደለደለ። አንቺ ሄድሽ። ጫማሽ እንኳ ሁለቴ ተሰፍቷል።»

«እማማ፣ በእግሬ ዞርኩ ብል ይንቁኛል።»

«ደለደልኩ ብለሽ እንዴት ደለደልሽ ቢሉሽስ?»

ማመልከቻው ሄዷል፣ አይመለስም። ተኮራርፈን አደርን። ዛሬ በማለዳ ሳትሰናበተኝ ለቃለ መጠይቁ ወጣች። እኔም ቁጭ ብዬ ለእናንተ እለፈልፋለሁ... በገዛ ምላሴ የልጅቷን ሥራ አበላሽቼባት ይሆን እያልኩ።

ቆዩ... በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት፣ ገና ከውጭ ትጣራለች።

«እማማ ክፈቺ! እንዴት ሠራሽው አሉኝ፣ እኔ ቤት ለቤት ዞርኩ እንጂ ያቀደው አለቃዬ ነው አልኳቸው። የትኛው ቤት ውሻ እንዳለ ሳይቀር ነገርኳቸው። ሰኞ ጀምሪ ተባልኩ!»

መጣሁ፣ መጣሁ... እግርሽን ግን ጠርገሽ ግቢ።