ዘጠኝ ዓመት የተያዘልኝ ወንበር

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ሜልቦርን ነው፣ እኔ ደግሞ አትላንታ። የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሦስት ዓመት አብረን ከቆየን በኋላ የእሱ ጉዳይ በአውስትራሊያ በኩል አለቀ፣ የእኔ በአሜሪካ በኩል። ያን ጊዜ ሁለቱም ለእኔ ያው ውጭ አገር ነበሩ። ምን ያህል እንደተራራቅን የገባኝ እዚህ ከደረስኩ በኋላ ካርታ ላይ ሳየው ነው።

እዚያ በገባ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባው ኳስ ላሳይህ ብሎ ይዞት ሄደ፣ ወንድሜም በዚያው ቀረ። ኳስ ስል እኛ የምናውቀውን ማለቴ አይደለም። ኳሱ እንቁላል ይመስላል፣ ሜዳውም ሞላላ ነው፣ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። መረብ የለም፤ በየጫፉ አራት አራት ምሰሶ ቆሟል። ጎል ሲገባ አንድ ዳኛ ሁለት ትንንሽ ባንዲራ ያውለበልባል። ወንድሜ ይህን ሁሉ በስልክ ሲያስረዳኝ እኔ ሰሃን እያጠብኩ እሺ፣ እሺ እለው ነበር።

እዚያ አገር ደጋፊው በየዓመቱ የቡድኑን አባልነት ያድሳል፤ ሲያድስም የራሱ ወንበር ይሰጠዋል። ክፍሉ፣ ረድፉ፣ ቁጥሩ ዓመቱን ሙሉ የእሱ ነው። ወንድሜ አጠገብ ለአጠገብ ሁለት ወንበር ያዘ፤ አንዱን በራሱ ስም፣ አንዱን በእኔ ስም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ የምትመጪ ቀን ቦታ ፍለጋ እንዳንንከራተት ነው አለኝ።

ለሌላ ሰው እብደት ይመስላል። ለእኔ አልመሰለኝም። ልጆች ሳለን ዳቦ ቤት ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነበር። ለአንድ ሰው ከተወሰነው ዳቦ በላይ ስለማይሸጥ ሁለታችንም መሰለፍ ነበረብን። እሱ በማለዳ ይሄድና ሁለት ድንጋይ ያስቀምጣል። እኔ እንቅልፌን ጠግቤ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ እንደ ባለሥልጣን ዘግይቼ እደርስና ድንጋዬን ገፋ አድርጌ እቆማለሁ። ከኋላ ያሉት ሲያጉረመርሙ፣ ቦታዋ ነው፣ ድንጋይዋን አታዩም? ይላቸዋል። ልምዴ ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል።

ስታዲየሙ በር ላይ ካርድ ማሽን ላይ ይነካል። እሱ መጀመሪያ የእኔን ያስነካና የሚሽከረከረውን የበሩን ብረት በቦርሳው ገፍቶ ያዞረዋል፤ ከዚያ የራሱን አስነክቶ ይገባል። በሩ ላይ የምትሠራው ሴት መጀመሪያ ሰሞን፣ ሁለተኛው ሰው የታለ? ስትለው፣ እህቴ መኪና እያቆመች ነው አላት። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኪና ሳቆም ኖርኩ። ኋላ ላይ ሴትየዋ ራሷ፣ እህትህ ዛሬም ፓርኪንግ አላገኘችም? እያለች ትቀልድበት ጀመር።

ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ በበሩ ካርድ አስነክቶ የገባው ተመልካች ብዛት በትልቁ ስክሪን ይወጣል። ወንድሜ የሚደውልልኝ ያን ጊዜ ነው። የእነሱ ዓርብ ማታ የእኔ ዓርብ ማለዳ ስለሆነ፣ ከሎረንስቪል ተነስቼ ብሩክሄቨን ወዳለው መድኃኒት ቤት፣ ወደ ሥራዬ፣ እየነዳሁ ያገኘኛል። የሕዝቡ ጩኸት መኪናዬን ይሞላዋል። ቁጥሩን ይነግረኝና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራል።

«አንቺንም ቆጥረውሻል።»

እስቃለሁ። የምሬን ደስ ይለኝ ነበር። ትራፊክ ውስጥ ተገትሬ፣ የዓለም ሌላኛው ጫፍ ላይ ቡድኑን ልትደግፍ እንደመጣች ሴት ተቆጥሬአለሁ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። መቼ ትመጫለሽ ሲለኝ ግን ሁልጊዜ ምክንያት ነበረኝ። ስኮትዴል አፓርትመንት ሳለን ቤት እስክንገዛ ነበር። ቤቱ ሲገዛ ልጆቹ ሃይስኩል እስኪጨርሱ ሆነ። ልጆቹ ጨርሰው ወጡ፣ እኔ አሁንም ምክንያት አላጣሁም።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ የራሴ ሥራ ነው። ቅዳሜና እሁድ መሀል ከተማ ካሉት ስታዲየሞች በአንዱ አሸር ነኝ፤ ሰዎች ቲኬታቸውን ያሳዩኛል፣ እኔ ወንበራቸውን አሳያቸዋለሁ። በዚህ ሥራ የሚያህለኝ የለም ብል ጉራ አይደለም። የሰው ቦታ ላይ ሊቀመጥ የመጣን ሰው ገና ከአረማመዱ አውቀዋለሁ። በተለይ ቁጥር በሌላቸው መቀመጫዎች ላይ ጃኬት ጥሎ ሰው አለው የሚለኝ ያበሽቀኛል። ሰውዬው ሲመጣ ይቀመጣል፣ አሁን ጃኬትዎን ያንሱ እላለሁ። ተከራክሮ ያሸነፈኝ የለም።

ባለፈው ዓመት፣ አንቺ ካልመጣሽ እኔ ልምጣ ብሎ ወንድሜ ለሁለት ሳምንት መጣ። ሁለቱንም ሳምንት ሠራሁ። እሱ የጓሮውን በር ማጠፊያ ጠገነ፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አጠበቀ፣ ከባለቤቴ ጋር ዜና አየ። ማታ ስመለስ እራት እየበላን ስለ ልጆች እናወራለን፤ ከዚያ እኔ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። አንድም ቀን ቅር ያለው አልመሰለም።

አትላንታ ውስጥ ያንን ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች እንዳሉ ያወቀው እሱ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ አልሰማሁም። ጥቂት አውስትራሊያውያንና ጨዋታውን የወደዱላቸው አሜሪካውያን በአንድ ፓርክ ውስጥ ይጫወታሉ። ቲኬት የለም፣ መቀመጫ የለም፣ ሰው ወንበሩን ይዞ ይመጣል። የመጨረሻው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጨዋታ ነበራቸው፤ ወንድሜ እሁድ ነው የሚበረው። ሁለት የሚታጠፍ ወንበር ገዝቶ ሳሎን ውስጥ ዘርግቶ ሞከራቸው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ቅዳሜ ግን አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አልኩ። በእናታችን ስም ማልኩለት።

ሐሙስ ዕለት የስታዲየሙ ሱፐርቫይዘሬ ደወለች። ሥራውን ያስገባችኝ እሷ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ ነገር የማታጣምም። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ጎድሎባታል። «እህቴ፣ ሺፍቱን ከቨር ታደርጊልኛለሽ? ካልተመቸሽ ኖ በይኝ፣ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለችኝ። ግልጽ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ። በማንም ላይ ላሳብብ አልችልም።

እችላለሁ አልኳት። ከፍ ያለ ቦታ ልትሰጠኝ እንዳሰበች ሰምቼ ነበር፤ ያ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ሜዳ ዳር ከወንድሜ ጎን ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ፈርቼ ነበር። ቁጭ ካልኩ፣ ለምንድነው የማትመጪው? ይለኛል፤ መልስ የለኝም። ለእሱ ግን፣ እስከ ምሳ ሰዓት እወጣለሁ፣ ጨዋታው አራት ክፍል ነው አይደል? ሦስተኛው ላይ እደርሳለሁ አልኩት። «ደርሰሽ ብቻ ተቀመጪ» አለ። ጠዋት ባለቤቴ ፓርኩ ድረስ አደረሰው።

እኔም በሰዓቱ ልወጣ ነበር። ጃኬቴን ለብሼ፣ ቁልፌን ይዤ ሳለ ሁለት ሰዎች አንድ ወንበር ላይ ተጣሉ። የሁለቱም ስልክ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ረድፍ፣ ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ሱፐርቫይዘሬ፣ አንቺ ሂጂ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ አለችኝ። አልሄድኩም። ጠባዬ ነው፤ የወንበር ጠብ ሳይፈታ ትቼ መሄድ አልችልም። ሁለቱንም ይዤ ወደ ቲኬት ቢሮ ወረድኩ፣ ተሰልፈን ጠበቅን፣ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የአንደኛው ቲኬት የሚመጣው ሳምንት ጨዋታ ሆኖ ተገኘ። ሌላኛውን ሰውዬ በክብር ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በጣም ኮርቼ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ፓርኩ ስደርስ ተጫዋቾቹ ምሰሶዎቹን እየነቀሉ መኪና ላይ ይጭኑ ነበር። ወንድሜ ብቻውን ወደ ባዶው ሜዳ ዞሮ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ጃኬቱ ተዘርግቷል። በዚያን ቀን ጠዋት ብቻ ስንት ጃኬት አስነስቻለሁ።

ቀና ብሎ አየኝና ጃኬቱን አነሳልኝ። ተቀመጥኩ። ጋሼ ይቅርታ አልኩት፤ ትራፊኩን ልነግረው ስል በእጁ ተይው አለኝ። አንዲት ሴት ወንበሩ ባዶ እንደሆነ ጠይቃው፣ እህቴ መኪና እያቆመች ነው እንዳላት ሊያስቀኝ ብሎ ነገረኝ። የእሱ ቡድን ባይሆንም ጥሩ እንደተጫወቱ አወራልኝ። ተመልካቹንም ጎል ባልነበረበት ሰዓት አንድ በአንድ ቆጥሮት ነበር።

«አርባ አንድ ሰው። አንቺንም ቆጥሬሻለሁ።»

ያ የፈራሁት ጥያቄ አልመጣም። ለምን አረፈድሽ አላለኝም፣ ለምን አትመጪም አላለኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የመጨረሻው መኪና እስኪወጣ ሳር እያየን ተቀመጥን፤ ከዚያ ወንበሮቹን አጥፈን ወደ ቤት ሄድን። እሁድ ኤርፖርት ሸኘሁት።

የአባልነቱ እድሳት ሲደርስ ሁልጊዜ፣ ያንቺንም ላድሰው? ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ከተመለሰ በኋላ አልጠየቀኝም። እኔም ሳይጠይቀኝ መቅረቱን አላስተዋልኩም፤ ከጥፋቴ ሁሉ ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም። መስማት የነበረብኝን ያኔ አልሰማሁም።

የዘንድሮው ውድድር ሲጀመር በአንዱ ዓርብ ማለዳ እንደ ወትሮው ደወለ። ጩኸቱ መኪናዬን ሞላው። ቁጥሩን ነገረኝ፤ እኔም ፈገግ ብዬ የለመድኩትን ቃል ጠበቅኩ። ቃሉ አልመጣም።

«እኔንስ ቆጠሩኝ?» አልኩት።

ዘንድሮ የእኔን ወንበር እንዳላደሰው ነገረኝ። ለአንድ ሽማግሌ ሰጥተውታል። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ብስኩት ያካፍሉኛል፣ በየሳምንቱ ይመጣሉ አለ። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቂም ፈልጌ አጣሁ። በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ስለ እኔ ጠይቃው እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ጠየቀችኝ እንጂ» አለ። «ፓርኪንግ አጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች አልኳት።»