የወዛደር አበባ

እትዬ በቀለች አሰላ ውስጥ የሚታወቁት በሁለት ነገር ነበር፤ በልብስ አጠባቸውና በአፋቸው። አበባው የመጣው በኋላ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ልብስ የሚያጥቡላቸው ስዊድናውያን ባልና ሚስት ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ማዳም ከጓሮዋ አፈር የያዘ ሥር ቆፍራ በባልዲ ሰጠቻቸው። «በየዓመቱ ራሱ ይመጣል» አለቻቸው። እትዬ በቀለች የጠበቁት ብርድ ልብስ ነበር። ባልዲው እንኳ ይጠቅመኛል ብለው ተቀበሉ።

መስከረም ሲጠባ የጓሯቸው ጥግ ሰማያዊ ሆነ። አበባው ትንንሽ፣ መሃሉ ቢጫ፣ ብዛቱ ግን ቅጠሉን የሚሸፍን። በጥር ግንዱ ደርቆ ጭራሮ ሲመስል፣ ባለቤታቸው ጋሼ አስናቀ ድንች ሊተክሉበት ዶማ ይዘው መጡ።

«ሞቷል እኮ፣ በቀለች።»

«ተኝቷል። አንተስ እሁድ እሁድ እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?»

ዶማው ተመለሰ። አበባውም በመስከረሙ ነቃ። ከዚያ ወዲያ እትዬ በቀለች ሥሩን እየከፈሉ መደቡን ሲያሰፉ፣ የጋሼ አስናቀ ድንች ወደ አጥሩ ተሰደደ። የተቆረጠውን አበባ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ እያደረጉ በረንዳው ላይ ይደረድሩታል። ጋሪ ነጂው ለማየት ይቆማል፤ ፈረሱ ለመብላት።

በ1977 መስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ እያንዳንዱ ቀበሌ ለክብር መድረኩ ቀይ አበባ እንዲያመጣ ታዘዘ። ቀበሌያቸው የነበረውን ቀይ አበባ ግን በረዶ ጨርሶ አርግፎት ነበር። በዋዜማው ሊቀ መንበሩ ሀይሉ እያለከለከ መጣ።

«እትዬ በቀለች፣ ያድኑኝ! ቀይ አበባ አለዎት?»

«ያለኝ ሰማያዊ ነው፤ እያየኸው።»

«ብናቀላውስ?»

ከቢሮው ቀይ ቀለም በጠርሙስ ይዞ መጥቷል። አንድ ዘለላ ነከሩ። ሲወጣ የተመታ ዓይን መሰለ። ሀይሉ ጠርሙሱን ከደነ።

«ሰማያዊውን ይዘን እንሂድ። የመጣው ይምጣ።»

በማግስቱ ጠዋት አሥራ አንድ ጣሳ መድረኩ ሥር ደረደሩ። ከክፍለ ሀገሩ የመጣው ካድሬ ጓድ ሀብቴ ይባላል። ሙሉ ስሙ ሀብተ ማርያም ነበር፤ ካድሬ ሲሆን ማርያምን ከስሙ አወረዳት። ቀዩን ሁሉ እያየ፣ ራሱን በእሺታ እየነቀነቀ መጣና እነሱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ሰማያዊ የማን ሐሳብ ነው?»

ሀይሉ ጣሳዎቹን ማስተካከል ጀመረ። እትዬ በቀለች ከኋላው ወጣ አሉ።

«ጓድ፣ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። የወዛደር ቱታ ሳጥብ ሃያ ዓመቴ። አንድም ቀን ቀይ ቱታ አጥቤ አላውቅም፤ ሁሉም ሰማያዊ ነው።»

ጓድ ሀብቴ አበባውን አየ። እትዬ በቀለችን አየ። ዞር ብሎ ደግሞ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው የተሰለፉትን ሠራተኞች አየ። ከዚያ ደብተሩን አወጣና ጻፈ።

«የወዛደር አበባ!» አለ። «መሃል ላይ አድርጉት!»

ሳምንት ሳይሞላ በየከተማው እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። እትዬ በቀለች ሥሩን በጆንያ ጭነው፣ በላንድሮቨር ጋቢና ተቀምጠው ዲክሲስና ሮቤ ዞሩ። ሮቤ ላይ «ባለሙያዋ ንግግር ያድርጉ» ተባሉ። ተነሱና «ውሃ አጠጡት» ብለው ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ተጨበጨበ።

ኦጎልቾም ተተክሎ ነበር፤ አገሩ ግን ሞቃት ነው። ከዲሮ የሚባለው የዚያ ቀበሌ ሊቀ መንበር በኅዳር አሰላ ድረስ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አዴ በቀለች፣ ወዛደሩ እጄ ላይ ሊሞትብኝ ነው! ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?»

መሳቅ ፈልገው ነበር፤ ፍርሃቱን ሲያዩ ተዉት።

«ቤትህ ጥላ አለ?»

«ሚስቴ እንስራ የምታስቀምጥበት ጥግ አለ። ሁልጊዜ እርጥብ ነው።»

«እዚያ አዙረህ ትከለው። ሪፖርቱ ላይ ‹ዕረፍት ላይ ነው› ብለህ ጻፍ።»

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ የኦጎልቾ አውቶቡስ ረዳት በራቸው ላይ ቆሞ ጮኸ፦ «ከዲሮ ‹አንድ ወጥቷል› ብሏል!»

እትዬ በቀለች ከነአረፋ እጃቸው ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቅዳሜ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ጋሼ አስናቀ ገረማቸው።

«አንድ አበባ ለማየት ኦጎልቾ ድረስ?»

«ያውም ቆላ ላይ የወጣ!»

ከዲሮ አበባውን በእሾህ አጥሮት ነበር። ሚስቱ ወተት አቀረበች፤ ሦስቱም እንስራው አጠገብ ተቀምጠው ወተቱ እስኪያልቅ ያችን አንዲት አበባ አዩ። ዶሮዎቹም ከእሾሁ ማዶ ሆነው ያዩ ነበር።