በእኔ ልክ የተሰፋው የኢብሮ ጋውን

ኢብሮ ሞተ ይሉኛል። "የቱ ኢብሮ?" አልኩት ጀማልን፣ ሌላ ኢብሮ እንደማላውቅ እያወቅኩ።

ጀማል መካ አብሮት የሚኖር ጓደኛው ነው። ኢብሮ ያረፈው ሐሙስ ነው። ልቡ ነው አሉ። ሐርቡ ላሉት እናቱ መርዶ ሳይነገር ለማንም እንዳይወራ ተብሎ እስከ ዛሬ ጠዋት ተደበቀ። እኔ ትናንት "ምነው ጠፋህ?" ብዬ ጽፌለት ነበር።

ወዳጆቼ፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኢብራሂም የወሎ ልጅ ነው፤ መካ ሆቴል ያጸዳ ነበር። እኔ ጂዳ የቤት ሹፌር ነኝ። አስቴር እዚሁ ጂዳ፣ ኦብሑር ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ሦስታችን የርቀት ትምህርት ተመዘገብን፤ ኢኮኖሚክስ። አንድም ቀን ሳንገናኝ ኮሮና መጣ፣ ሁሉም ተዘጋ፣ ትምህርቱ ስልክ ውስጥ ገባ።

እኔ የቆመ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እማራለሁ። አስቴር እቃ እያጠበች ትማራለች፤ አንድ ጆሮዋ ለመምህሩ፣ አንዱ ለማዳሟ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። መምህሩ "ስለዚህ..." ብሎ ይጠፋና "...ገባችሁ?" ሲል ይመለሳል።

ኢብሮ ግን ሙሉ ሆቴል ነበረው። እንግዳ ሲጠፋ ሠራተኛውን በትነው እሱን ጠባቂ አድርገው ተዉት። ዋይፋዩ ለእሱ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ለሁለታችን ይደውልና ያመለጠንን እንደገና ያስተምረናል።

ሁልጊዜ አጀማመሩ አንድ ነው።

"ያላ፣ ማን ቀረ?"

ሁለታችንም "አለሁ" ካላልን አይጀምርም። አስቴርን ማዳሟ ከጠራቻት እስክትመለስ ይጠብቃል።

"ቀጥል ባክህ፣ በኋላ እነግራታለሁ" እለዋለሁ።

"ጋሽዬ፣ ትቀራለችኮ!"

ሲያወራ ከኋላው ሁሌ ውሃ ይፈሳል። ባዶዎቹ ክፍሎች ውስጥ ውሃው ቆሞ እንዳይሸት በየቀኑ እየዞረ ቧንቧ መክፈት ሥራው ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ሰማ።

"ማነው እሱ? ገላውን እየታጠበ ነው የሚማረው?"

"የለም መምህር፣ ለሌለ እንግዳ ውሃ እየከፈትኩ ነው" አለ ኢብሮ። "ፍላጎት የሌለው አቅርቦት ያሉን ይሄ አይደል?"

መምህሩ ሲስቅ የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ተመረቅን። ምርቃቱም በስልክ ሆነ። ስማችን ተጠራ፣ ብቻ ብቻችንን አጨበጨብን፣ መስመሩ ተቋረጠ። አስቴር "ይሄ ምርቃት ነው ወይስ የተሳሳተ ቁጥር?" አለች። ኢብሮ አልሳቀም። "አንድ ቀን ጋውን ለብሰን ጂዳ አል-ባላድ ፎቶ ቤት ጎን ለጎን እንቆማለን። ካልቆምን እኔ አልተመረቅኩም" አለ። ቃል ተገባባን።

መካ ከጂዳ ሩቅ አይደለም። ግን እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ መካ አልገባም። የእሱ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አልቋል፤ ኬላውን አልፎ አይወጣም። ወረርሽኙ አለፈ፣ ሰው ሁሉ ተገናኘ፣ እኛ እዚያው ስልክ ውስጥ ቀረን። "ከፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ሊያድስልኝ ነው፤ ኢንሻአላህ ከረመዳን በኋላ" ይላል። ረመዳን መጥቶ ይሄዳል።

ዘንድሮ ግን "ኻላስ ጋሽዬ፣ ወረቀቱ ገብቷል" አለኝ። ደስ ብሎኝ ጋውኖቹን ላሰፋ አል-ባላድ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው የኢብሮን ቁመት ጠየቀኝ። ፊቱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር። ቆሞ ግን አይቼው አላውቅም። እዚያው ደወልኩለት።

"ኢብሮ፣ ቁመትህ ስንት ነው?"

"ተለክቼ አላውቅም። በአንተ ልክ አሰፋው።"

"ቢያጥርህስ?"

"ፎቶው እንደሆነ እንደ ለመድነው ከደረት በላይ ነው!"

በእኔ ልክ አሰፋሁት።

አስከሬኑ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሆስፒታል ቆይቶ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ተቀበረ። ወዳጅ ሲሞት ቀብር ይኬዳል፤ ሌላ አላውቅም። መኪናውን አስነስቼ የመካን መንገድ ያዝኩ። ሙስሊም ያልሆነ ሰው የሚታጠፍበት ቦታ ሳልደርስ ዳር ይዤ ቆምኩ። ጀማል በቪዲዮ ደወለ። አስቴርም ከኦብሑር ገባች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ማድ ቤት ቆማለች።

ጀማል ስልኩን ደረቱ ላይ ሸሸግ አድርጎ ይዟል። የሚታየን የሰው ጀርባ ነው። ይቆራረጣል። ከዚያ ሰዉ ገለል አለና ቃሬዛው በፊታችን አለፈ። ነጩ ከፈን ቃሬዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል፤ እግሩ ትንሽ አልፎ ወጥቷል።

"ጋሽ ታዴ" አለች አስቴር። "ረጅም ነበር እንዴ?"

"እኔም ገና አሁን ነው ያየሁት።"

መስመሩ ተቋረጠ። ተመልሶ ሲመጣ አፈሩ ተመልሷል፤ ሰዉ እጁን እያራገፈ ነበር።

እናቱ "ልጄ መካ ተቀበረ" ብለው ተጽናንተዋል አሉ። ጥሩ ነው። እኔ አልተጽናናሁም።

ኢብሮ፣ ጋውንህ ከእኔው ጎን ተሰቅሏል። ብትለብሰው ጉልበትህ ላይ ይቀር ነበር። አስቴር እስኪያማት ትስቅብህ ነበር። አንተም "ከደረት በላይ ነው አላልኩም?" ትለን ነበር።

ዛሬ ማን ቀረ ሳትል ጀመርክ። እኛ ግን አልቀረንም፤ ሁለታችንም ገብተን ነበር። እኔ መኪና ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ "አለሁ" ብያለሁ።

አላህ ጀነቱን ይወፍቅህ። ደህና ሁን፣ ረጅሙ።