በመቶ ግራም የአበባ ብናኝ ውስጥ ያለው ብረት

አዳማ ባለ የምግብ ላቦራቶሪ በረዳት ቴክኒሺያንነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊዬ አቶ ታደሰ በነጭ የሸክላ ሲኒ ዱቄት መዝነው ምድጃ ውስጥ ከተቱ። ተቃጥሎ የሚቀረው አመድ ማዕድኑ ነው አሉኝ። አላስችል ብሎኝ የምድጃውን በር ሦስት ጊዜ ከፈትኩ፣ ሲኒው ተሰነጠቀ። «ምን ያቁነጠንጥሻል?» አሉኝ። ከፍተኛ ቴክኒሺያን ሆኜም ይህ አመል አልለቀቀኝም።

ኦቦ ገመቹ የዓለም ጤና ከተማ ንብ አናቢ ናቸው። አንድ ቀን ማሰሮ ሙሉ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሐምራዊ ጥቃቅን ፍሬ ይዘው መጡ። የቀፎው በር ላይ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ገጥመዋል። ንቦቹ ተጨናንቀው ሲገቡ ከእግራቸው የሚረግፈውን የአበባ ብናኝ እሳቸው ጥላ ውስጥ ያደርቁታል። አዳማ ያለ ባለሱቅ ብናኙን ሊገዛቸው ፈልጎ የምርመራ ወረቀት ጠይቋቸዋል።

እርጥበቱን፣ ፕሮቲኑን፣ ቅባቱን፣ ስኳሩን ለካሁ። ፕሮቲኑ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ስኳሩም ብዙ ነው፣ ቅባቱ ግን ትንሽ። ብረቱ ከፍ ብሎ ስላስገረመኝ ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ማኅተም አስመትቼ ሰጠኋቸው።

«ብረት ማለት ለደም የሚሆነው ነው?» አሉኝ።

«አዎ ኦቦ ገመቹ፣ ለደም ነው።»

ከኋላቸው ሌላ ባለጉዳይ ቆሞ ነበር። ቸኩዬ ወደ እሱ ዞርኩ።

ሁለት ወር ያህል ቆይተው አንድ ጠርሙስ ማር ይዘውልኝ መጡ። ምራታቸው ጫልቱ ነፍሰ ጡር ናት። ደም ማነስ አለብሽ ተብላ ከጤና ጣቢያ የብረት ኪኒን ተሰጥቷት ነበር። «ያንቺን ወረቀት ካነበብንላት ወዲህ ኪኒኑን ተወችው። ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ብናኝ ትበላለች። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ልጄ» አሉኝ።

የወረቀቱን ቅጂ አወጣሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የመቶ ግራም ነው። እኛ ሁልጊዜ የምንጽፈው እንደዚያ ነው። መቶ ግራም ብናኝ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ግን የለም። ከተረፈው ናሙና አንድ ማንኪያ ሚዛን ላይ አደረግኩ፣ አሥር ግራም እንኳ አልሞላም።

ነገሩን ስነግራቸው አቶ ታደሰ «ደውይላት» አሉኝ።

«እሷ ያመነችው ማኅተሙን ነው፣ በስልክ አትሰማኝም» አልኳቸው። በአካል እንድሄድ ፈቀዱልኝ።

ከኦቦ ገመቹ ጋር በሞጆ በኩል ወደ ዓለም ጤና ሄድን። መንገዱን ሙሉ ጉልበቴ አላርፍ አለ። «ልጄ፣ መኪናው በእግርሽ አይሄድም» አሉኝ።

ጫልቱ ከንፈሯ ነጥቷል። ወረቀቴ በላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ይዤ የመጣሁትን ትንሽ ሚዛን ዱካ ላይ አስቀምጬ የራሷን ማንኪያ አስመጣሁና ብናኝ ሞልቼ ፊቷ መዘንኩ።

«እዚህ የተጻፈውን ብረት ለማግኘት በቀን ከአሥር ማንኪያ በላይ መብላት አለብሽ። እሱንም ቢሆን ሰውነትሽ ሁሉንም አይወስደውም። ብናኙ ምግብ ነው፣ ኪኒኑን አይተካም።»

«እትዬ፣ ኪኒኑ ያስመልሰኛል። ይኼ ይጣፍጣል፣ ማኅተምም አለው» አለችኝ።

አፈርኩ። «ያልነገርኳችሁ እኔ ነኝ» አልኳት።

ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ የጫልቱን የዓይን ቆብ ገልጣ አየች፣ ደም ወሰደች። ደሟ ከበፊቱም ወርዷል። በዚያው ቀን አዳማ ሆስፒታል ተላከች። እዚያ ኪኒኑን ቀይረው ከምግብ በኋላ እንድትወስድ አዘዟት። እኔ ኮሪደሩን ስመላለስበት ጥበቃው «እባክሽ ቁጭ በይ» ብሎ ለመነኝ።

ጫልቱ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ደም ሰጥተዋት ተረፈች፣ ሕፃኗም ደህና ናት። ሐኪሙ ለኦቦ ገመቹ፣ ኪኒኑን ያኔ ባታቋርጥ ኖሮ ይህን ያህል አትጎዳም ነበር ብሏቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የአበባ ብናኝ ጥሩ ምግብ መሆኑን ዛሬም እናገራለሁ። ለአዳዲስ ቴክኒሺያኖች የማሳስበው አንድ ነገር ነው። ውጤት ስትሰጡ ማን እንደሚበላው፣ በቀን ስንት ማንኪያ እንደሚበላ ጠይቁ። የማንኪያውንም ልክ እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ።