አሥሩን አምፔር ማን ጠጣው
በኤጂሱ ከተማ የፕላስቲክ ወንበር አከራያለሁ። ለቅሶ ባለበት ሁሉ እኔ ወንበር፣ አግያ ኩሲ ጄኔሬተር ይዘን ስለምንመጣ፣ እሳቸውን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ካለም ይቅርታ።

አግያ ኩሲ (አግያ እኛ ዘንድ አባባ ማለት ነው) በወጣትነታቸው ኦቡዋሲ፣ የወርቅ ማውጫው ውስጥ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደገና ይጠመጥሙ ነበር። ከዚያ ይዘው የመጡት አንድ የኮረንቲ መለኪያና አንድ አመል ነው። መለኪያውን አንገታቸው ላይ እንደ መስቀል ያንጠለጥሉታል። አመላቸው ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ማባዛትና ማካፈል ነው። "እንደምን አደሩ አግያ?" ካሏቸው፣ "ሁለት መቶ ሃያ ቮልት" ይላሉ፤ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው። ከዚያች ጄኔሬተር በቀር የሚጦራቸው የለም። ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም "እኔም ይደክመኛል" ብለው አስጽፈውባታል።

የአዛውንቱ የንቲም ለቅሶ ቅዳሜ ዋለ። ጄኔሬተሯን የተከራዩት ሚስትየዋ ማሜ (እማማ) ሰርዋ ናቸው። የሚስት ወገን በአንድ ድንኳን፣ የሟች ወገን በሌላው ተቀምጦ ይተያያል። የሟች እህት ማሜ አፍሪዬ ገና ከመግባታቸው፣ "የነሱ ሞተር ላይ የኛ ወገን ክር እንኳ አይታሰርም" ብለው አወጁ።

እኩለ ቀን ላይ ሞተሯ ማቃሰት ጀመረች። የድምፅ ማጉያው መዝሙር እንደ በሽተኛ ተጎተተ። አግያ ኩሲ መለኪያቸውን ከሞተሯ የሚወጣው ገመድ ላይ አስነክሰው አሸዋው ላይ ቁጢጥ አሉ፤ በጣታቸውም መጻፍ ጀመሩ።

"ድምፅ ማጉያው አራት አምፔር ይጠጣል። የሰርዋ ሁለት ፍሪጆች ሦስት። መብራቱና ቬንቲሌተሩ አንድ። ስንት ሆነ?"

"ስምንት" አልኩ።

"ይሄ አሥራ ስምንት ይላል።"

"ምናልባት መለኪያው..."

"እስቲ ጨርሰው።"

መለኪያውን ትቼ ሞተሯን አየሁ።

"ሞተሬ ሦስት ሺህ ዋት ናት። ለሁለት መቶ ሃያ ብታካፍለው አሥራ ሦስት አምፔር ከምናምን። ከዚያ በላይ ከቆየች ጥምጥሟ ይነዳል። ከነደደ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ያንተ ወንበር ተሸካሚ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አያጠፏትም?"

"ለቅሶ መሃል ያጠፋን ሰው ማን ዳግመኛ ይጠራዋል?"

ደግመው አሸዋው ላይ ጻፉ። ሁለት መቶ ሃያን ለትርፉ አሥር አምፔር አካፈሉና ሃያ ሁለት ኦም አገኙ። "አየህ፣ ይሄ የተደበቀው ነገር ኮረንቲን የመግታት አቅሙ ሃያ ሁለት ኦም ብቻ ነው። ገር ነው፤ እንደ ልቡ ያሳልፈዋል። ሁለት መቶ ሃያን በአሥር አባዛው፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት። ይሄን ያህል የሚበላ የሚያሞቅ ነገር ነው። ካውያ እንዳልል ለቅሶ ላይ ማን ይተኩሳል? ምድጃ ነው።"

ከሟች ወገን ድንኳን ጀርባ የፓልም ፍሬ ሾርባ ይሸታል። እዚያ ሴቶቹ ያበስላሉ፤ የውጭ ወንድ አይገባም። አግያ ኩሲ ማሜ አፍሪዬ ዘንድ ሄዱ።

"አፍሪዬ፣ ሾርባሽ በምንድን ነው የሚፈላው?"

"በከሰል ነዋ።"

"ጭሱ የታለ?"

"ሐዘናችንን አክብሮ ነው።"

አግያ ኩሲ ተመልሰው መጡና በለቅሶው አስተዋዋቂ በኦሴይ ጆሮ አንሾካሾኩ። ኦሴይ ማን ምን እንደሰጠ በድምፅ ማጉያ የሚያሰማ ልጅ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አሁን ለአዛውንቱ ክብር ዕቃ ያመጡትን እናመስግን። ማሜ ሰርዋ፣ ሁለት ፍሪጅ።" ተጨበጨበ። "የማሜ ሰርዋ ወንድም፣ ድምፅ ማጉያ።" ተጨበጨበ። "ከሟች ወገን..." ወረቀቱን ገለበጠ። "እስካሁን የደረሰን የለም።"

ከሚስት ወገን አንዷ፣ "አትጫኗቸው፤ ባዶ እጅም እጅ ነው" አለች።

ማሜ አፍሪዬ ብድግ አሉ። "ኦሴይ፣ አሰማልኝ። ሁለት ድስት የሚጥድ የኤሌክትሪክ ምድጃ። ልጄ ከአክራ ያመጣልኝ፣ ላስቲኩ ገና ያልተላጠ። ይኸው ለወንድሜ እንግዶች እየሠራ ነው።"

ድንኳናቸው በጭብጨባ ተናጋ።

"በማን ሞተር?" አሉ ማሜ ሰርዋ።

"በይ አፍሪዬ፣ አሁን ንቀዪው" አሉ አግያ ኩሲ።

"በሰው ፊት የተመሰገነ ዕቃ ይነቀላል እንዴ? የሷን ፍሪጅ ንቀል።"

"የኔም ተመስግኗል" አሉ ማሜ ሰርዋ።

አግያ ኩሲ ግንባራቸውን ያዙ። ይህችን አላሰሏትም ነበር። ሞተሯ መሽተት ጀምራለች። ወደ ሰማይ አንጋጠጡና፣ "አሥርና ሦስት፣ አሥራ ሦስት። ትችላለች" ብለው የድምፅ ማጉያውን፣ የመብራቱንና የቬንቲሌተሩን ገመድ ነቀሉ።

ጸጥ አለ። ኦሴይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምንም አይሰማም።

"ፍሪጁም ምድጃውም ይሥራ" አሉ አግያ ኩሲ። "ማንም አልተዋረደም።"

ወዲያው ከኩማሲ የሟች ዘመዶች አውቶቡስ ሞልተው ደረሱ፤ የሐዘን ቀይና ጥቁር ለብሰው፣ እየተጨባበጡ ሰልፍ ያዙ። ማሜ አፍሪዬ ኦሴይን ጎሸም አደረጉት። "ንገራቸው እንጂ፣ የምድጃውን።"

ኦሴይ ጮኸ። ማይክ የሌለው ኦሴይ ትንኝ ነው።

"ምን አለ?" አለ አንዱ የኩማሲ ሰው።

"ልጅ ጠፍቶ ነው መሰለኝ" አለ ሌላው።

ማሜ አፍሪዬ እንግዶቹን አዩ፣ የድንኳኑን ጀርባ አዩ። እንደገና እንግዶቹን አዩ። ከዚያ ልብሳቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮ ገቡ። አግያ ኩሲ መለኪያቸው ላይ አፍጥጠዋል፤ ከአሥራ ሦስት ወደ ሦስት ወረደ። የነቀሏቸውን ገመዶች መልሰው ሰኩ።

"ሁለት ድስት የሚጥድ የኤሌክትሪክ ምድጃ!" የሚለው የኦሴይ ድምፅ ኤጂሱን አናወጠ። የኩማሲ ሰዎች አጨበጨቡ። ማሜ አፍሪዬ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ምስጋናውን ተቀበሉ።

ኋላ ለኔና ለአግያ ኩሲ ሾርባ መጣልን። ቀመስኩት።

"ለብ ያለ ነው" አልኩ።

እሳቸው መለኪያውን አዩና ሳህናቸውን ወደራሳቸው ሳቡ።

"ስምንት ነው። ብላ።"