አባቴና የሆዱ ድምፅ

በቤታችን ፈስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቃሉም፣ ነገሩም። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከረባት አስሮ የሠራ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ ገበታ ላይ ካመለጠኝ አይቆጣም፣ አይናገርም፤ ተነሥቶ ይወጣል። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንጀቱ ተጠማዝዞበት አትላስ አካባቢ ያለ ሆስፒታል ገብቶ፣ የሞተውን ክፍል ቆርጠው ካወጡለትና የቀረውን ጫፍና ጫፍ ከሰፉለት በኋላ «አየር ወጣልዎት?» እየተባለ ጠዋት ማታ መጠየቅ የጀመረው።

ሐኪሙ ነገሩን ለእኔ ቀለል አድርጎ አስረዳኝ። አንጀት ከተነካካ በኋላ ክፉኛ እንደ ደነገጠ ሰው ዝም ይላል፤ ሥራ መጀመሩ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ አየር መውጣቱ ነው፤ በአባቴ ሁኔታ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በአፉ ምንም ባይገባ ይመረጣል። አባቴ ይህን ሁሉ እየሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ቦሌ ለሚ ካለው ፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ የተዛነፈ ስፌት በሩቁ እለያለሁ። የእሱን ስፌት ግን ማየት አልቻልኩም።

ጠያቂ ደግሞ አያልቅም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ የሰፈር ሰው፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። አልጋውን ከበው ይጸልያሉ፣ ቀዶ ጥገና አድርገው የዳኑትንና ያልዳኑትን ሁሉ በስም እየጠሩ ያወራሉ፣ በቴርሞስ አጥሚት ያመጣሉ። ክፋት የለባቸውም። ታሞ ያልጠየቁት ሰው ቅያሜው እስከ መቃብር እንደሚዘልቅ እኔም አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ሲስተሯ በሩ ላይ ቆማ፣ ጫጫታውን ለማለፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አባባ፣ አየር ወጣልዎት?» አለችው። ልጅ እግር ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። ወሬው ቀጥ አለ። አባቴ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ «አዎ» አለ። ሊጠይቁት የመጡት ሴቶች በአንድ ድምፅ ጌታ ይመስገን አሉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አብሬ አመሰገንኩ። ፈሳሽ ትንሽ ትንሽ እንዲጀምር ታዘዘ። ከሴቶቹ አንዷም አጥሚት ፈሳሽ አይደለም እንዴ ብላ አንድ ኩባያ ሙሉ አጠጣችው። ምንም አለመውጣቱን የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ጠጣ፣ አመሰገናትም።

ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። አረንጓዴ ነገር አስመለሰው፤ በአፍንጫው ቱቦ ገባለት፤ ትኩሳቱ አልወርድ አለ፤ የተሰፋውም ቦታ ለቀቀ። አጥሚቱ ባይገባም ስፌቱ ሊለቅ ይችል እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ። ለማንኛውም እንደገና ተከፈተ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አንጀቱን መልሰው አልገጠሙትም፤ ጫፉን በሆዱ ቆዳ ላይ አውጥተው ከረጢት ለጠፉበት። ለጊዜው ነው ተባልን። ሰውነቱ ሲጠና፣ ኪሎ ሲጨምር መልሰው ያስገቡለታል። ካልበላ ግን አቅም አይኖረውም፤ አቅም ከሌለው ደግሞ ማንም ቢላ አያነሳም።

ሰሚት ወዳለው ኮንዶሚኒየማችን ይዤው ገባሁ። ከረጢት ላለበት ሰው የማይነግሩት አንድ ነገር አለ፤ አየሩ ሲወጣ በሰውየው ፈቃድ አይደለም። የሚይዘው ጡንቻ የለም፤ በፈለገው ሰዓት፣ ከነድምፁ ይወጣል። መጀመሪያ የወጣው አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው እየጸለዩለት ሳለ ነው። ሰውየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸሎቱን ቀጠሉ፤ ሁላችንም ያልሰማን መሰልን። የአባቴን ፊት ግን አየሁት፤ ባላየው በወደድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ ይጮኻል። ዜናም ሆነ ኳስ ለእሱ አንድ ነው፤ ብቻ ይጩኽ። ምግብም ቀረ። ከሾላ ገበያ ዶሮ ገዝቼ ሾርባ እሠራለሁ፤ «አልራበኝም» ይላል። ጨጓራው ይሆናል፣ መድኃኒቱ ይሆናል እያልኩ ብዙ ከደከምኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሰው ሊመጣ ይችላል ብሎ ባሰበ ቀን አይበላም፤ ካልበላ ሆዱ ብዙም አይጮኽም። ሰው ደግሞ የማይመጣበት ቀን የለም። ቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሙ ሚዛኑን አይቶ ተቆጣኝ፤ በዚህ አያያዝ የሚቀጥለው ቀዶ ጥገና ቀርቶ በሽተኛውም አይቆይልሽም አለኝ።

ስለዚህ በር ላይ መዋሸት ጀመርኩ። ተኝቷል፣ ቀጠሮ አለው፣ ሐኪሙ ከልክሏል። ሰፈሩ ልጅቷ አባቷን ቆልፋበታለች ብሎ አማኝ። ይሁን፣ ይሙኝ። አባቴ ግን ያም ቢሆን አልበላም፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እጁ ወደ ከረጢቱ ይሄዳል።

ከዚያ ታላቅ ወንድሙ ከሆሳዕና መጡ። ቅቤና ቆጮ ተሸክመው፣ ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው፣ በራችን ላይ ቆመው ሲያለከልኩ ተኝቷል አልኳቸው። ከኋላዬ ሬዲዮው ይለፈልፋል።

«በዚህ ጩኸት ነው የተኛው?» አሉ።

ድካምም፣ ንዴትም፣ ፍርሃትም አንድ ላይ መጣብኝ።

«ጋሼ፣ ሆዱ ላይ ከረጢት አለ» አልኳቸው። «ከረጢቱ ድምፅ ያወጣል። ሰው እንዳይሰማብኝ ብሎ አይበላም። በዚህ ከቀጠለ ይሞትብኛል።»

እየተናገርኩ ሳለሁ ሬዲዮው ተዘግቶ ኖሯል። መቼ እንደተዘጋ አላወቅኩም። አጎቴ መሬት መሬት አዩ፤ ቅቤውን በሩ ሥር አስቀመጡ። ታች ሆኜ እጠብቃለሁ፣ ሲበላ ጥሪኝ ብለው ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ።

አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ ሬዲዮው ላይ ነው።

«ነገርሽው» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

እናቴን ስንቀብር ያላለቀሰ ሰው አለቀሰ። ልይዘው ስል በእጁ ከለከለኝ። በመካከሉ ከረጢቱ ድምፅ አወጣ፤ ረጅም ነበር። ሁለታችንም እስኪያበቃ ዝም ብለን ሰማነው።

«እንግዲህ የምደብቀው ምን ቀረኝ» አለ። «አምጪው።»

ሾርባውን ሰጠሁት። ጀርባውን አዙሮብኝ እስከ መጨረሻው በላ፤ ትከሻው በሸሚዙ ውስጥ እንደ ማንጠልጠያ ወጥቷል። ሳህኑን ሲመልስልኝ አላየኝም። ጋሼን ልጥራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ጋደም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሬዲዮውን ግን አልከፈተውም።