አራት መቶ ሜጋባይት

በአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ ቆጣቢዋ ይሏታል። ሥራዋ ሰርቨሮቹን መጠበቅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅጥ ያጣ ፕሮግራም ሜሞሪውን ሙልጭ አድርጎ በልቶ ማዕከሉን ሥራ አስፈትቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ኮንቴነር ውስጥ ተለይቶ ይሠራል፤ ምን ያህል ሜሞሪና ፕሮሰሰር እንደሚፈቀድለት ፋይሉ ላይ የምትጽፈው እሷ ናት። አንድ ሳምንት ትለካለች፣ ትንሽ ትጨምርበታለች፣ ትጽፋለች። ከተፈቀደለት ጣሪያ ካለፈ ሲስተሙ ይገድለዋል፤ ፕሮግራሙ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሣል።

አምቡላንሶቹን ወደየጠሪው የሚልከውን የስምሪት ፕሮግራም የለካችው ትምህርት ቤት በተዘጋበት፣ ከተማው ጭር ባለበት ሳምንት ነበር። አራት መቶ ሜጋባይት ሰጠችው።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጎርፍ መንገድ ዘጋ። ጥሪው ሦስት እጥፍ ሆነ። ፕሮግራሙ ጣሪያውን አለፈና ተገደለ። ተነሣ፤ የተጠራቀመውን ጥሪ ማንበብ ሲጀምር እንደገና ተገደለ። ስልክ ተቀባዮቹ ወረቀት ላይ መጻፍ ከተዉ ቆይተዋል። አድራሻው ሁሉ እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው።

«ልጄ፣» አለች አንጋፋዋ ስልክ ተቀባይ በሩ ላይ ቆማ፣ «አንዲት ሴት ባሏ ደረቱን ይዞ ወድቆባታል። አድራሻዋን አስገብቼ መኪና ሳልልክ ጠፋብኝ።»

«አያስታውሱትም እትዬ?»

«ከሷ ወዲህ ሃያ ስልክ አንስቻለሁ። የኔም ጭንቅላት ሞልቷል።»

ቆጣቢዋ ጣሪያውን ወደ ሁለት ጊጋ አነሣች፤ ያንኑ ያህል የሜሞሪ ቦታም እንዲያዝለት ጻፈች። ሲስተሙ ቦታ የለም አላት። ቦታስ ነበር። ግማሹን ያስያዘው የሪፖርት ክፍሉ ነው። የክፍሉ ፕሮግራም በወር አንድ ቀን ይሠራል፣ የቀረውን ቀን ይተኛል፤ የተያዘለትን ግን አይለቅም። ለክፍሉ ኃላፊ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊጋ ብቻ ይልቀቁልኝ።»

«ዛሬ ደግሞ ቆጣቢዋ ለማኝ ሆነች?» ሳቀ። «ደብዳቤ ጽፈሽ አምጪ።»

«ሰው ወድቆ ነው ጋሼ።»

«ደንቡን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

እውነቱን ነው። ያለ ደብዳቤ የማንም ድርሻ አይነካም ብላ የጻፈችው እሷ ናት። ፋይሉ እጇ ላይ ነበር፤ ቁጥሩን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ደብዳቤውን ጻፈች። ሁለት ፎቅ ወጣች። ሰውዬው መነጽሩን ፈለገ፣ ቀኑን አረመ፣ ፈረመ። ስትመለስ ዘጠኝ ደቂቃ ሄዷል።

የሪፖርቱን ድርሻ ቀነሰች። የስምሪት ፕሮግራሙ ተነሣ፤ አልተገደለም። ተራውን ጠብቆ የተከመረው ጥሪ አንድ በአንድ ብቅ አለ። የሴትዮዋ አድራሻ ከላይ ነው። ሠላሳ አራት ደቂቃ ጠብቋል። በቅርብ ያለ መኪና ተላከ። አንጋፋዋ መኪናው መንገድ ላይ መሆኑን ለሴትዮዋ ልትነግር ደወለች።

«እሺ፣» አለች። አዳመጠች። «እሺ እናቴ።»

ስልኩን አስቀመጠችና ወደ ሾፌሩ ሬዲዮ ዞረች። «ወደሚቀጥለው እለፍ።»

ቆጣቢዋ አጠገቧ ቆማ ነበር። «መቼ ነው ያረፈው?» አለች።

«አሁን። አምስት ደቂቃ አይሆነውም ትላለች።» አንጋፋዋ ቀና ብላ አላየቻትም። «የሚቀጥለውን አድራሻ አንብቢልኝ። ዓይኔ አላይ አለ።»

አነበበችላት።